ስለ ጓሮ እባብና ስለ ክረምት እንቁራሪት

ሰው ቤቱን ሠርቶ፣ አጥሩን አጥሮ፣ ደጁን ከዘጋ በኋላ በውስጡ ያለው ሁሉ የእርሱ ብቻ የሆነ ይመስለዋል። ዳሩ ግን መዝጊያ የሚከለክለው የሚያንኳኳውን ነው። የማያንኳኳው፣ በካብ ስንጥቅና በክዳን ሥር የሚገባው፣ ከባለቤቱ ጋራ በአንድ ጣራ ተጠልሎ ስንት ዘመን እንደሚኖር ባለቤቱ አያውቅም። ይልቁንም በውኃ አጠገብ የሚኖር ሰው ከሁለት ጎረቤቶች አያመልጥም፤ አንዲቱ በጩኸቷ መምጣቷን የምታስታውቅ እንቁራሪት ስትሆን፣ ሁለተኛው ድምፅ ሳያሰማ የሚያልፈው እባብ ነው።

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ደንገል ከሚበቅልበት ረግረግ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ አንዲት ባልቴት ከሁለት የልጅ ልጆችዋ ጋራ ትኖራለች። ቤቷ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ክዳኑ ቀድሞ ሣር ነበረ፣ አሁን ቆርቆሮ ሆኗል። በስተኋላው የጌሾና የጎመን መደብ፣ የእንጨት ክምርና ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ጎተራ አለ። ከዚያም ወዲያ ክረምት በገባ ጊዜ ውኃ የሚተኛበት ጎድጓዳ መሬት ይገኛል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ወይና ደጋ በመሆኑ ብርዱም ሙቀቱም መጠነኛ ነው፤ ስለዚህ ለሰው የተመቸውን ያህል ለእነዚህም ጎረቤቶች ተመችቷቸዋል።

የሰኔ ዝናብ ምድሩን በሚገባ ካራሰው በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት እንቁራሪቶች ይጀምራሉ። መጀመሪያ አንዱ ብቻውን ይሞክራል፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላው ከወዲያ ማዶ ይመልስለታል፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ጎድጓዳው መሬት ሁሉ እንደ ማኅበር ቤት ይሆናል። ባልቴቲቱ ይህን ድምፅ ከልጅነትዋ ጀምራ ስለ ሰማችው ለእርስዋ እንደ እሹሩሩ ነው፤ ከከተማ የሚመጣ እንግዳ ግን ሲገላበጥ ያድርና ሲነጋ «ዝም የሚያሰኛቸው ነገር የለምን?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጮኸው ወንዱ ነው። በጉሮሮው ያለውን ስስ ከረጢት በነፋስ እየሞላ ድምፁን ያጐላል፤ ሴቲቱም በጨለማ ውስጥ የወገኗን ድምፅ ከሌላው ለይታ ትመጣለች። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ዜማ ያለው። በኢትዮጵያ ምድር ከ70 የሚበልጡ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች መኖራቸውን ሊቃውንት መዝግበዋል፤ ከእነዚህም ከሲሶው የሚበልጡት በሌላ አገር ፈጽሞ አይገኙም። እንግዲህ ያ እንግዳ እንቅልፍ የነሣው ጩኸት፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ሊሰማው የማይችለው ሊሆን ይችላል።

እንቁራሪት ውኃን በአፏ አትጠጣም፤ በሆድዋና በጭኗ ሥር ባለው ቆዳ ትመጠዋለች። በዚያው ቆዳ ትተነፍሳለችም። በውኃ ውስጥ የተጨመረ መርዝ፣ ለተባይ የተረጨው የእርሻ መድኀኒት ሳይቀር፣ ከሁሉ አስቀድሞ እርስዋን የሚጎዳት ስለዚህ ነው። እንቁላሏን በውኃ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ልጅ ጅራት ያለው፣ እንደ ዓሣ በስንጥብ የሚተነፍስ ጥቁር ፍጥረት ነው፤ ኋላ እግር ያበቅላል፣ ጅራቱም ይጠፋል፣ ሳንባም ያወጣል። የባልቴቲቱ የልጅ ልጅ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ፣ ይህን ለውጥ በአሮጌ ጣሳ ውስጥ አኑራ ክረምቱን ሙሉ ስትከታተል ነበረች። አያቷ «እጅሽ ላይ ከሸናችብሽ ኪንታሮት ታወጪያለሽ» እያለች ብታስፈራራትም አልተወችም። ኪንታሮት ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው እንጂ ከእንቁራሪት የሚመጣ አይደለም። ጉርጥ ከዐይኑ በስተኋላ ባለው እብጠት ውስጥ መርዝ መያዙ እውነት ነው፤ ነገሩን የሚያውቀው ግን ጉርጡን በአፉ አንሥቶ አረፋ እየደፈቀ የተመለሰ ውሻ ነው።

እንቁራሪትን የሚንቅ ሰው ይህንንም ይስማ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. ላንስሎት ሆግቤን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በደቡብ አፍሪካ ሳለ፣ በውኃ ውስጥ የምትኖረው ጥፍራም እንቁራሪት የሰውነት ቅመም በመርፌ ሲሰጣት እንቁላል እንደምትጥል አስተዋለ። ከዚያ በኋላ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በብዙ ሆስፒታሎች የሴት እርግዝና የሚታወቀው በዚህች እንቁራሪት ነበር፤ የሴቲቱ ሽንት በመርፌ ተሰጥቷት በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ከጣለች፣ ሴቲቱ ፀንሳለች ማለት ነው። የዚህችው እንቁራሪት ዘመድ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ኵሬና ምንጭ ውስጥ ትኖራለች፤ ውኃ የሚቀዳ ሁሉ ያያታል፣ የሚያመሰግናት ግን የለም።

የእንቁራሪት ነገር እንዲህ ቀላል ነው፤ የእባብ ነገር ግን ይከብዳል። በአንድ ዓመት በጥቅምት ባልቴቲቱ ጠላ ልትቀዳ ወደ ማጀት ስትገባ፣ ከጋኑ በስተኋላ ቡናማ እባብ ተጠቅልሎ አየች። ጩኸቷን የሰማው ጎረቤት ዱላውን ይዞ ሮጠ።

«እትዬ፣ ዘወር ይበሉ!» አላት።

እርስዋ ግን ድንጋጤዋ በርዶላት ነበርና እጅዋን ዘርግታ ከለከለችው። «ቆይ እስቲ ወንድሜ። ድመቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት አይጥ ጎተራዬን አልነካም። ታዲያ አይጡን ማን የበላልኝ ይመስልሃል?»

«እባብ እባብ ነው፤ ምስጋና የለውም» አለና ራሱን ቀጠቀጠው።

የሞተው የቤት እባብ የሚባለው ዓይነት ነበረ። ይህ እባብ ቀን ተደብቆ ሌሊት ይወጣል፤ አይጥን ተጠምጥሞ አንቆ ይገድላል፤ ሰውን የሚጎዳ መርዝ የለውም። ጎረቤቱ ይህን ባለማወቁ ሊፈረድበት አይገባም። በሰውና በእባብ መካከል ያለው ጠላትነት ከአንድ ሰው ዱላ ይልቅ ያረጀ ነው። በኢትዮጵያ አፈ ታሪክ ከነገሥታቱ አስቀድሞ አርዌ የተባለ ዘንዶ ይገዛ እንደ ነበረ፣ አንጋቦ የሚባል ሰውም ገድሎት በስፍራው እንደ ነገሠ ይተረካል። የኦሪት ዘፍጥረትንም ሲነበብ ሰምቶ ያደገ ሰው እባብን በፍቅር ዐይን ይመልከት አይባልም። ምንም እንኳ ያችው ኦሪት ኋላ በምድረ በዳ ለተነደፉት መዳኛ ይሆን ዘንድ ሙሴ የናስ እባብ እንደ ሰቀለ ብትናገር፣ ይህኛው ክፍል በማጀት ውስጥ ለሰው ትዝ አይለውም።

በሚቀጥለው ዓመት አይጥ በዛ። ከጎተራው ሥር እንደ ወንፊት ተበሳሳ፤ ጤፉም ተዝረከረከ። በመስከረምም፣ ሣሩ ከጉልበት በላይ በሆነበት ወቅት፣ ልጃገረዲቱ ለጥጃ ሣር ልታጭድ ማጭድ ይዛ፣ በባዶ እግርዋ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከጎተራው በስተጀርባ ሄደች። በዚያ እፉኝት ተኝታ ነበር። የቤት እባቡ ባይገደል ኖሮ አይጥ ባልበዛ፣ አይጥ ባይበዛ ኖሮ እፉኝቲቱ ባልመጣች ብሎ ሊምል የሚችል የለም፤ ባልቴቲቱ ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ታምናለች፣ እምነቷም ከንቱ ነው ሊባል አይችልም።

ሌላው እባብ የሰው ኮቴ ምድሩን ሲያንቀጠቅጠው በሰውነቱ ሰምቶ ይሸሻል። እፉኝት ግን ወፍራምና ዝግተኛ ናት፤ መልኳ ከደረቀ ሣርና ከአፈር ጋራ ስለሚመሳሰል በመሸሽ ሳይሆን ባለመንቀሳቀስ ትታመናለች። አንዳንድ ጊዜ ትንፋሽዋን እንደ ወናፍ አሰምታ ታስጠነቅቃለች፤ አንዳንድ ጊዜም ሳታስጠነቅቅ ትነድፋለች። ልጅቱ የሰማችው ነገር አልነበረም። ቁርጭምጭሚቷ ላይ እሳት የወደቀባት መሰላት፤ እግርዋም በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ ጉልበትዋ አበጠ።

መንደሩ ተሰበሰበ። አንዱ ጠፍር ይዞ መጣ፣ አንዱ ምላጭ፣ ሌላዋ ከአማትዋ የወረሰችውን ጥቁር ድንጋይ። ሁሉም ለመርዳት የመጡ ናቸው። የልጅቱ ታላቅ ወንድም ግን ባለፈው ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቈላ ወርዶ ነበር፤ በዚያ በእባብ የተነደፈ የሥራ ጓደኛውን እግሩን በገመድ ጠፍረው አድረውበት፣ ከገመዱ በታች ያለው ሥጋ ሞቶ፣ እግሩ ሲቈረጥ አይቷል። ስለዚህ በጎረቤቱና በእኅቱ መካከል ገባ።

«ጋሼ፣ ጠፍሩን ይተዉት! ምላጩንም ይመልሱት!»

«ልጄ፣ መርዙ ወደ ልብ እንዳይወጣ ነው እኮ።»

«መርዙ ሥጋዋን ከበላ በኋላ ምን ያደርግልናል? እንደ ተሰበረ እግር በእንጨት እንደግፈውና ሳናንቀሳቅሳት እንሸከማት።»

ባልቴቲቱ በዝምታ ነጠላዋን ቀደደችና ሰጠችው። ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት በእግሩ ግራና ቀኝ አድርገው፣ ሳያጠብቁ አሰሩት፤ ልጅቱንም በቃሬዛ አድርገው ጎረቤቱ ፊት ፊት እየሄደ፣ ጨለማውን በእጅ ባትሪ እየሰነጠቀ፣ እስከ መንገዱ አደረሷት፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ከተማ ሆስፒታል ገባች። መርዙን የሚያከሽፈው መድኀኒት በሆስፒታሉ አልተገኘም፤ ወንድሟ ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ከአንድ የግል መድኀኒት ቤት ገዛው። ዋጋው የአንዲት ጊደር ዋጋ ነበረ። ባልቴቲቱም በማግሥቱ ጊደሯን ሸጠች።

የመድኀኒቱ አሠራር ከ130 ዓመት ወዲህ በመሠረቱ ብዙ አልተለወጠም። በ1890ዎቹ አልቤር ካልሜት የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። መርዙ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ በመርፌ ይሰጣል፤ ፈረሱ በደሙ ውስጥ መርዙን የሚቋቋም ኀይል ያበጃል፤ ያ ኀይል ከደሙ ተጣርቶ ለሰው ይሆናል። ችግሩ ለአንዱ እባብ የተሠራው ለሌላው የማይሆን መሆኑ፣ ለአንድ ሰው ብዙ ጠርሙስ ማስፈለጉ፣ ዋጋውም መክበዱ ነው፤ የሚነደፈውም አብዛኛውን ጊዜ በባዶ እግሩ የሚሠራ ድኻ ገበሬና እረኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ እንደሚነደፉ፣ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱትም እንደሚሞቱ ይገምታል። ሆኖም ይህ መከራ ቸል ከተባሉት የቈላ አገር በሽታዎች መዝገብ በጉልህ ስፍራ የገባው በ2017 ብቻ ነው፤ በ2019ም ሞቱንና አካለ ጎዶሎነቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ ወጣ። ቸል ያለው ማን እንደ ነበረ መዝገቡ አይናገርም።

ልጅቱ ሁለት ሳምንት ተኝታ ዳነች። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የመዳፍ ያህል ቆዳ ተልጦ ወድቆ ጠባሳ ተወላት፤ ብርድ ሲሆንም ታነክሳለች።

ከዚያ በኋላ በመንደሩ ምክር ተደረገ። ጎረቤቱ ጎድጓዳውን መሬት በአፈር እንሙላው፣ እባብን የሚጠራው እንቁራሪት ነው አለ። እባብ እንቁራሪት መብላቱ እውነት ነውና ብዙዎች ተስማሙ። ባልቴቲቱ ግን «ጎድጓዳው ከተሞላ የክረምቱ ውኃ የት ይተኛል? እኔ መደብ ላይ ነው የሚተኛው» ብላ ሳቅ አስነሣችና ነገሩ ቀረ። በዚያ ፈንታ የእንጨቱ ክምር ከቤቱ ራቀ፤ ጎተራው ከምድር ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የካቡ ስንጥቅ ተመረገ፤ ሣሩም ቁመት ሳያወጣ መታጨድ ጀመረ። ወንድምዬው ከሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ለእኅቱ የጎማ ቦት ጫማ ገዝቶላት መጣ፤ ለእግርዋ ሰፊ ነው፣ እርስዋ ግን ጨርቅ ጠቅጥቃ ታደርገዋለች።

ጎረቤቱም ዱላውን አልጣለም። ነገር ግን በካብ ሥር ወይም በጌሾው መካከል የሚንቀሳቀስ ነገር ባየ ጊዜ፣ ከመምታቱ በፊት ልጅቱን ይጠራል። እርስዋም ሰፊ ጫማዋን እየጎተተች ትመጣና ከሩቅ ቆማ ታያለች።

«ይህችስ የትኛዋ ናት?» ይላታል።

«አላወቅኋትም ጋሼ» ትለዋለች፤ «ወዲህ ራቅ ይበሉና መንገዱን እንልቀቅላት።»