«ኡስታዝ፣ ሥራ እንዳገኝ ዱዓ አድርግልኝ»



ዛሬ የምጽፍላችሁ ፈትዋ አይደለም፤ የራሴን ስህተት ነው። አንድ ሥራ ያጣ ወንድም ወይም አንዲት እህት ከተጠቀሙበት ይበቃኛል።

ደሴ ውስጥ በአንድ መስጂድ የኢማሙ ረዳት ነኝ። ከዐስር በኋላ ትንንሽ ደረሶችን ቁርኣን አቀራለሁ። እነሱ ሲበተኑ ወጣቶች ይመጣሉ። የብዙዎቹ ጉዳይ አንድ ነው፦ «ኡስታዝ፣ ሥራ እንዳገኝ ዱዓ አድርግልኝ።»

ከእነዚህ አንዱ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ ወንድም ነበር። በቴሌግራም በሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ ሲቪውን ይልካል፤ የሚጠራው ግን የለም። አንድ ቀን ስልኩን አሳየኝና «ሊንክድኢን የሚባል ነገር አለ። ጓደኞቼ ስለ ራስህ ጻፍበት ይሉኛል፤ እንዴት ታየዋለህ?» አለኝ። እኔም ሳላጣራ «ራስን ማወደስ ለሙስሊም አይገባም፤ ሪያእ እንዳይሆንብህ። ሶብር አድርግ፣ ሪዝቅህ አያመልጥህም» አልኩት። አመነኝና ተወው።

ከወራት በኋላ እናቱ መስጂዱ በር ላይ አገኙኝ። «ልጄ፣ ሶብሩንስ ይዟል። ግን ጧት ለብሶ ይወጣል፤ የት እንደሚሄድ እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ» አሉኝ። ወላሂ፣ ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

ወደ ሸይኻችን ሄጄ ያልኩትን ነገርኳቸው። ፈገግ አሉና «ሱረቱ ዩሱፍን ስንት ጊዜ አቅርተሃል?» ብለው ጠየቁኝ። ገባኝ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ንጉሡ ፊት በቆሙ ጊዜ በምድሪቱ ግምጃ ቤት ላይ እንዲሾማቸው ራሳቸው ጠየቁ፤ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውንም በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ነቢዩ ሙሳም (ዐ.ሰ) መድየን ላይ ሲቀጠሩ፣ ልጅቷ ለአባቷ የጠቀሰችላቸው ብርታታቸውንና ታማኝነታቸውን ነው። ለመወደስ ማውራት ሌላ፣ የያዝከውን ሙያ ለሚፈልገው ሰው ማሳወቅ ሌላ! እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ፣ ልጁን ሰበብ ከማድረስ አግጄው ነበር።

ጠራሁትና «አውፍ በለኝ» አልኩት። ከዚያም በጀመዓችን ካለ፣ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ከሚሠራ ወንድም ጋር ሦስታችን ተቀመጥን። የተማርነውን ላካፍላችሁ።

ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረ፣ በ2016 ማይክሮሶፍት የገዛው፣ ሰው በሙያው የሚተዋወቅበት መድረክ ነው። አካውንት ለመክፈት ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ከስም በታች ያለችው መስመር። ወንድማችን «ሥራ ፈላጊ» ብሎ ጽፎ ነበር። የሰው ኃይሉ ወንድም ሳቀና «እኔ ሰው ስፈልግ ‹ሥራ ፈላጊ› ብዬ አልፈልግም፤ ‹አካውንታንት› ብዬ ነው» አለው። መስመሯ እስከ 220 ፊደል ትይዛለች። ሙያውን፣ ፒችትሪና ኤክሴል መቻሉን፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሥራት እንደሚችል በእንግሊዝኛ አሳጥሮ ጻፈ። ቀጣሪዎች በብዛት የሚፈልጉት በእንግሊዝኛ ቃል ነውና።

ሁለተኛ፣ ልምድ። «ልምድ የለኝም» አለ። የመስጂዳችንን የግንባታ ኮሚቴ ገቢና ወጪ ሁለት ዓመት በኤክሴል የያዘው ማን ሆነና? በየወሩ ደረሰኙን ከባንክ ስቴትመንት ጋር የሚያስታርቀው ማን ሆነና? «እሱማ በነጻ ነው፣ ሥራ አልመሰለኝም» አለኝ። ሊንክድኢን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሞላበት ቦታ አለው። እናንተም አስቡበት፤ ዐረብኛችሁ፣ ያስጠናችኋቸው ልጆች፣ በረመዷን ያስተባበራችሁት ኢፍጣር፣ ይህ ሁሉ ችሎታ ነው።

ሦስተኛ፣ ምስክርነት። አብሮህ የሠራ ሰው ስለ አንተ የሚጽፍበት ቦታ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሊጽፍለት ሲስማማ አንድ ጓደኛው «ሁለት ዓመቱን አራት በለው» ብሎ መከረ። ይህማ አይሆንም! ይህ ሸሃዳ ነው፤ የሐሰት ምስክርነት ከትላልቆቹ ወንጀሎች መሆኑን አትርሱ። በውሸት የተገኘ ደመወዝ በረካው የት ይገኛል? ሁለት ዓመት ተባለ፣ እውነቱም በቂ ነበር።

አራተኛ፣ ሰው መተዋወቅ። እኛ ጋ «ሰው ከሌለህ ሥራ የለም» ይባላል። ሰው መፈለግ ማለት ግን አስገባኝ ብሎ መለማመጥ ብቻ አይደለም። በሙያው ላሉ ሰዎች እንዲህ ብሎ ላከ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ የአንድ ኮሚቴ ሒሳብ ለሁለት ዓመት ይዣለሁ። እርስዎ በሚሠሩበት ዘርፍ ለጀማሪ የትኛው እውቀት ይበልጥ እንደሚጠቅም ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ።» ሥራ ስጡኝ አላለም። ለማይታወቅ ሰው ቶሎ የሚቀለው ምክር መስጠት ነው።

አምስተኛ፣ ለሥራ ዝግጁ መሆንህን የምትገልጽበት ምርጫ አለ። ለሁሉም ሰው ካሳየኸው ፎቶህ ዙሪያ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፤ ለቀጣሪዎች ብቻ እንዲታይ ማድረግም ይቻላል። ሥራ ላይ ሆነህ ሌላ የምትፈልግ ከሆነ ሁለተኛው ይሻልሃል። የሥራውን ስምና ከተማውን መርጠህ አዲስ ማስታወቂያ ሲወጣ መልእክት እንዲደርስህም አድርግ።

እህቶቼ «ፎቶ የግድ ነው ወይ?» ትሉኛላችሁ። የግድ አይደለም፤ ያለ ፎቶም መክፈት ይቻላል። ማድረግ ያለባት የመሰላት ደግሞ በሒጃቧ፣ በሥርዓቷ ታድርገው። ከቀጣሪ ጋር የሚደረግ ንግግር በሥራ ጉዳይ ይቁም፤ ወደ ሌላ ወሬ የሚጎትት ሰው ሲመጣ ግን ወዲያው ይዘጋ።

ሁላችሁም ተጠንቀቁ! «ቪዛ ደርሷል፣ ለፕሮሰስ ብር ላክ» የሚል፣ ወይም ገና ሳያናግራችሁ የፓስፖርት ኮፒ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ አቁሙ። ከመላካችሁ በፊት የድርጅቱን ስልክ ከሌላ ቦታ አግኝታችሁ ደውሉ፤ ታላላቆቻችሁንም አማክሩ።

ልጁስ? ሦስት ሳምንት ማንም አልመለሰለትም። እኔው ራሴ ተጨነቅሁ። ከላከላቸው አሥራ ሁለት ሰዎች አራቱ መለሱ። አንዷ እህት የትኛውን የኤክሴል ክፍል ማጥናት እንዳለበት ዘርዝራ ጻፈችለት። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ። በሁለተኛው ኮምቦልቻ ላይ የስድስት ወር ኮንትራት አገኘ፤ የመጋዘን ንብረት መዝጋቢ ሆነ። ደመወዙ ብዙ አይደለም። እናቱ ግን ጧት ሲወጣ የት እንደሚሄድ አሁን ያውቃሉ፣ አልሐምዱሊላህ።

ባለፈው ጁሙዐ መጥቶ «ኡስታዝ፣ ዱዓ አድርግልኝ» አለኝ። «ደግሞ ለምን?» አልኩት። «ኮንትራቱ እንዲታደስ» አለኝ። ተሳሳቅን፣ እጃችንን አንስተን ዱዓ አደረግን። ዱዓው ሲያበቃ ታዲያ «በል አሁን ስልክህን አምጣ፤ አዲሱን ሥራህን ጽፈሃል?» አልኩት። አልጻፈም ነበር። እዚያው ተቀምጠን ጻፍነው።

ዱዓም አድርጉ፣ ሰበቡንም አድርሱ። አብሽሩ! አላህ ለሁላችሁም ሐላልና በረካ ያለው ሪዝቅ ይወፍቃችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።