ቁልፍ ያዡ

በአገራችን አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር «እንኳን ደስ አለህ!» ይባላል። ከአዲስ አበባ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሲዛወር ግን ወዳጅ ዘመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አድርገህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከመሀል አገር የራቀ ሁሉ የተቀጣ ይመስለናል። ድሮ ነገሥታቱ የተቆጡትን መኳንንት ራቅ ወዳለ አምባ ያግዙ ነበር። ዛሬ ንጉሡ የለም፤ ግዞቱ ግን ጭንቅላታችን ውስጥ ቀርቷል።

በዚያ ላይ የሚሄደው ሰው ሥራ ቤተ መጻሕፍት ከሆነ ሐዘኑ እጥፍ ይሆናል። ሐኪም ቢሆን «ይሁን፣ ሰው ያድናል» እንላለን። መምህር ቢሆን «ይሁን፣ ትውልድ ይቀርጻል» እንላለን። ላይብረሪያን ሲሆን ግን የምንለው ይጠፋናል። «ቁጭ ብሎ ደመወዝ የሚበላ» ከማለት ያለፈ ግምት የለንም።

ይህ ዕጣ የእህቴን ልጅ የደረሰው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመረጃ ሳይንስ ተመርቆ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም ከከረመ በኋላ ሥራ ተገኘለት። ቦታው አሊዩ አምባ፣ ሥራው ቤተ መጻሕፍት። እናላችሁ፣ ቤተ ዘመዱ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ ተሰበሰበ። እናቱ፣ «ልጄን ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት መጽሐፍ እንዲጠብቅ ነው?» አለች። አንዷ አክስቱ ወባውን አነሣች። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤት ደግሞ፣ «አሊዩ አምባ ነው ያላችሁት? እሱ ደግሞ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። የእሳቸው ጥያቄ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ከተሰበሰብነው መካከል አንድም ሰው በቅጡ አልመለሰላቸውም።

እኔ በቤተሰቡ ዘንድ «መጽሐፍ ያነባል» የሚባል ስም ስላለኝ ነገሩ ወደ እኔ ተገፋ። ልጁም፣ «ጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ። ሂድም ቅርም አላልኩትም። የጎረቤታችንን ጥያቄ መመለስ ግን ደስ ስለሚለኝ ከዚያ ጀመርኩ።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደብረ ብርሃን ይገባሉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደው አንኮበር ይደርሳሉ። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረው አንኮበር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከአንኮበር ወደ አፋር በሚያወርደው ቁልቁለት ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ ጋቢው ከትከሻ እየወረደ ይመጣል። አሊዩ አምባ ያለችው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው፤ በደጋውና በበረሃው መካከል።

ዛሬ ስሟን ስንሰማ «የት ነው?» እንላለን እንጂ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) አሊዩ አምባን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም። ከታጁራ ወደብና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፈው እዚያ ነበር። በዐርብ ገበያዋ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ የዝሆን ጥርስ ይለዋወጥ ነበር። በዚያ መንገድ ሰውም እንደ ዕቃ ተሸጦ ወደ ባሕር ይነዳ እንደነበር አብሮ መነገር አለበት። አርጎባው፣ አደሬው፣ አፋሩ፣ አማራው ይገናኙባት ነበር። በሌላ አነጋገር አሊዩ አምባ የዓለም ወሬ ወደ ሸዋ የሚገባባት በር ነበረች። «ሩቅ» የምትባል ቦታ የሆነችው ንግዱ በሌላ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው።

ለልጁ በተለይ የነገርኩት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት በሻለቃ ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ወደ ሸዋ ላከ። ጓዙን ይዞ ያለፈው በአሊዩ አምባ በኩል ነው። በማግስቱ ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም መጥቶ አሊዩ አምባ ቤት ይዞ ወራት ተቀመጠ። ሁለቱም አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1844 ሎንዶን ላይ መጻሕፍት አሳተሙ፤ ሃሪስ በሦስት ቅጽ፣ ጆንስተን በሁለት ቅጽ። ስለ ገበያው፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ሰዉ ኑሮ ጻፉ። በእርግጥ ሁለቱም በዘመናቸው ፈረንጅ ዓይን ነው ያዩት፤ ንቀቱም ትዕቢቱም አለበት። ይሁንና ከተማይቱ በዚያ ዘመን ምን ትመስል እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እነሱን ማንበብ ግድ ይለዋል።

ታዲያ ነገሩን አስቡት። የአሊዩ አምባ ልጅ ስለ ገዛ ከተማው የተጻፈውን ሳያነብ ያድጋል፤ ሎንዶን ያለ ተማሪ ግን ወደ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብሎ ያነበዋል። «አንተ የምትሄደው መጽሐፍ ልትጠብቅ ከሆነ እናትህ ልክ ናት፣ ይቅርብህ» አልኩት። «ከተማዋን ከመጽሐፏ ጋር ልታገናኝ ከሆነ ግን ሥራ ነው።»

ልጁ ሄደ።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ስለ መጠበቅ ትንሽ ላውራ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። መጽሐፍም ነበረው። መጻሕፍቱ ግን በሽቦ ወንፊት ከተሠራ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። እኛ ጀርባቸውን እናነባለን። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። ቆይቼ ነው ምሥጢሩ የገባኝ፦ መጻሕፍቱን በሞዴል 22 ፈርመው ተረክበዋል። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ከደመወዛቸው ይቆረጣል፤ ዝውውር ቢመጣላቸው ክሊራንስ አያገኙም። መጽሐፉ ባይነበብ ግን የሚጠይቃቸው የለም። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትቆልፋላችሁ። ከመደርደሪያና ከወንበር ጋር አንድ መዝገብ ላይ የሰፈረ መጽሐፍ እንደ ወንበር ነው የሚጠበቀው። ወንበሩ እንኳን ይሻላል፣ ሰው ይቀመጥበታል።

በትልልቅ ከተሞች ነገሩ ተሻሽሏል። ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አራት ኪሎ ላይ አብርሆት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። ደስታው ተገቢ ነው። ግን አራት ኪሎ ያለው ልጅ መጽሐፍ ባያገኝ ሌላ ብዙ ነገር ያገኛል። መጽሐፍ አማራጭ የሌለው ነገር የሚሆነው ሌላ ምንም በሌለበት ቦታ ነው።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ባለሙያ ነበሩ። እሳቸው ግን ሥራቸውን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሁለት ዓመት ቆይተው አዋሳ ላይ መጻሕፍቱን በአህያ ጋሪ ጭነው በየሰፈሩ አዞሩ። አህያዋ ስትመጣ ሕፃናቱ ይሰበሰቡ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉ ወደ ልጁ ሄደ፣ ቁልፍ ያዥም አልነበረበትም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። የመጀመሪያውን ዓመት በስልክ ስናወራ ስለ መጽሐፍ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። የሚያወራው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኔትወርክ መጥፋት፣ ስለ ብቸኝነት ነበር። ማታ ማታ የሚያጫውተው ሰው አልነበረውም። በሁለተኛው ዓመት ግን ንግግሩ ተለወጠ። ዐርብ ገበያ ሲሆን ከገጠር የሚመጡ ልጆች ወላጆቻቸው እስኪሸጡ ድረስ የሚውሉበት ስለሌላቸው ወደ እሱ ዘንድ መምጣት ጀመሩ። እሱም ዐርብን ጮክ ብሎ የማንበቢያ ቀን አደረገው።

አንድ ዐርብ የጆንስተንን መጽሐፍ፣ ዕድሜው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኘውን፣ በስልኩ አውርዶ ስለ አሊዩ አምባ ያለውን ቁራጭ በአማርኛ እየመለሰ አነበበላቸው። ልጆቹን ሊወስዱ የመጡ አንድ አርጎባ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይኼን ፈረንጅ ማን ነገረው?» አሉት። «እዚሁ ኖሮ አይቶ ነው፣ አባባ» አላቸው። «እኛም እኮ እዚሁ ነው የኖርነው፤ ምነው የኛን የሚጽፍ ጠፋ?» አሉ።

ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ሌላ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተር ገዝቶ ሽማግሌውን ማስነገር ጀመረ። በአንኮበር ወረዳ ያሉት አርጎባዎች አብዛኞቹ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል፤ በንግዱና በሽመናው የነበራቸውን ታሪክ የሚያስታውሱት አዛውንቶች ደግሞ እየሄዱ ነው። አዛውንት ሲሞት ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ የሚባለውን ሁላችንም እንወደዋለን። ከመቃጠሉ በፊት ደብተር ይዞ የሚሄደው ግን ጥቂት ነው።

ደስ የሚለው ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በአራተኛው ዓመት ልጁ ደወለና፣ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ቦታ ተገኝቷል። ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለኝ። ሊያገባ አስቧል፤ ደመወዙ ለአንድ ሰው እንኳን አይበቃም። እጮኛው የምትሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ምን ልበለው? አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «ሕዝብህን አገልግል» ማለት ቀላል ነው። ወጪው የሌላ ሰው ከሆነ ጀግንነት ርካሽ ነው። «የሚረከብህ ማን ነው?» ብቻ አልኩት።

ለካስ እሱ ቀድሞኝ አስቦበታል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆና ትመጣ የነበረች፣ መደርደር የምታግዘው ልጅ ነበረች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት መቀመጧ ነበር። መዝገቡን አያያዝ፣ መጽሐፍ አወጣጥና አመላለስ ሲያሳያት ከርሟል። ያንን የሽማግሌውን ደብተር እንኳን አጋማሹን የጻፈችው እሷ ናት፤ ሽማግሌው አያቷ ኖሯል! መቀጠሯ ቀላል አልነበረም፤ ዲግሪ የላትም ተብሎ ብዙ ተወዛገበ። በመጨረሻ በጊዜያዊነት ያዘች። እሱም በ2014 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ መንገዱንም አስፈሪ አድርጎታል። ሁኔታው ሲብስ ከውጭ የመጣ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስበው ወደ ቤቱ መመለስን ነው። ማንም አይፈርድበትም። የከተማዋ ልጅ ግን ቤቷ እዚያው ነው። መንገድ ሲዘጋ እሷ አልራቀችም፤ ዐርብም ሲመቻት በሩን ትከፍታለች።

ስለዚህ ለትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የምናስብ ሰዎች ጥያቄያችንን ማስተካከል ያለብን ይመስለኛል። እስካሁን የምንጠይቀው «ማን ይሂድ?» እያልን ነው። ሄዶ የሚያስጀምር ሰው ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን ከሄደበት ቀን ጀምሮ የሚተካውን ሰው እዚያው ማብቀል የሥራው አንድ ክፍል መሆን አለበት፤ ደመወዙም የመኖሪያውም ነገር አብሮ መታሰብ አለበት። የንብረት ደንቡም ቢሆን ይታይልን። በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ ተነቦ አርጅቷል፣ ጠፍቷል ተብሎ የሚሰረዝበት አሠራር ከሌለ ቁልፍ ያዡ ሁልጊዜ ከአንባቢው ይልቅ ቁልፉን ይወዳል። ሃያ መጽሐፍ ጠፍቶበት ሁለት መቶ ልጅ ያስነበበ ሰው መሸለም ሲገባው ደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነ፣ የእህቴ ሥጋት ልክ ነበር ማለት ነው፤ ልጆቻችንን የምናስተምረው መጽሐፍ እንዲጠብቁ ነው።