የሸምበቆው ታችኛ አፍ

ስለ ዋሽንት የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ናፍቆትና ስለ እረኝነት ነው። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ዋሽንት ሆድ፥ ይኸውም በሸምበቆው ውስጥ ስላለው አየር ለመናገር ነው። የዚህን አየር ጠባይ ባለማወቄ አንድ ልጅ በድዬአለሁና።

ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. በአንዲት የገጠር ከተማ የፊዚክስ መምህር ሳለሁ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ድምፅ ነበር። ጠመኔዬን ይዤ፥ «የአንድ ቧንቧ ድምፅ የሚወሰነው በቁመቱ ብቻ ነው፤ ቁመታቸው እኩል የሆነ ቧንቧዎች ሁሉ ድምፃቸው አንድ ነው» ብዬ በድፍረት ጻፍሁ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣና፥ «ጋሼ፥ የዋሽንቱን ታችኛ አፍ በመዳፍ ሲደፍኑት ድምፁ እኮ ይወፍራል» አለኝ። እኔም፥ «ይህ የፊዚክስ ክፍል እንጂ የከብት ማሰማሪያ አይደለም፤ ተቀመጥ» አልሁት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁም ተቀመጠ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጸጸት ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ልጁ እውነት ተናግሮ እንደሆነ ብዬ ስለ ፈራሁ ነበር። በማግሥቱ ግማሽ ሜትር የሚሆን የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አገኘሁና ቤቴን ዘግቼ ጠርዙን እንደ ዋሽንት ነፋሁት። ቀጥሎም ታችኛውን አፍ በመዳፌ ደፍኜ ነፋሁት። የልጅ የነበረው ድምፅ የጎልማሳ ሆነ። ዜማው ያው ነው፤ ነገር ግን እናትና አባት አንድ መዝሙር በየድምፃቸው እንደሚዘምሩት፥ አንዱ ከሌላው በእጥፍ ወረደ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከአፋችን የተነሣ የአየር ግፊት በቧንቧው ውስጥ ሲሄድ ክፍት አፍ ላይ ቢደርስ ወደ ውጭ ይፈስና መልሱ ተገልብጦ ይመጣል፤ ታጭቆ የሄደው ሳስቶ ይመለሳል ማለት ነው። የተዘጋ ጫፍ ላይ ቢደርስ ግን አየሩ መሄጃ ስለሌለው እንደ ታጨቀ ይመለሳል። በሁለት በኩል ክፍት በሆነው ቧንቧ ግፊቱ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ወደ መጀመሪያ መልኩ ለመመለስ የቧንቧውን ቁመት ሁለት ጊዜ ይጓዛል። በአንድ በኩል በተደፈነው ግን መገልበጡ ከአንደኛው አፍ ብቻ ስለሆነ አራት ጊዜ መመላለስ አለበት። መንገዱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ቍጥር ግማሽ ይሆናል።

በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የእኔ የግማሽ ሜትር ቧንቧ ክፍት ሲሆን በሴኮንድ 343 ጊዜ፥ ሲደፈን 171 ጊዜ ተኩል ይንቀጠቀጣል። በእውነቱ ከዚህ ጥቂት ያንሳል፤ አየሩ ከአፉ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለሚንቀጠቀጥ ቧንቧው ከቁመቱ የረዘመ ያህል ይሆናልና። ብርድም ያወፍረዋል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የድምፅ ፍጥነት 0.6 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ ዋሽንት ቅኝቱን ይለውጣል የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው፤ የሚለውጠው ብርዱ እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለም።

ደግሞም አጥብቀው ሲነፉ ክፍቱ ቧንቧ የመጀመሪያውን ቍጥር ሁለት እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ፥ አራት እጥፍ እያደረገ ይወጣል። የተደፈነው ግን ከአንድ ወደ ሦስት፥ ከሦስት ወደ አምስት ይዘላል እንጂ ሙሉ ቍጥሮችን አይረግጥም። እምቢልታን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። እምቢልታ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ነፊው የሚያገኘው ቧንቧው ራሱ የሚሰጠውን ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህም ቁመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታዎችን ይዘው ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ አንዱን ዜማ ይሞሉታል። በቤተ መንግሥት ደጅ ከነጋሪትና ከመለከት ጋር ይህን ያደርጉ የነበሩት ነፊዎች ቀመሩን በሰሌዳ አልጻፉትም፤ ነገር ግን ሸምበቆውን ሲቆርጡ የት ላይ መቁረጥ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ቧንቧውን ይዤ ገባሁና በተማሪዎቹ ፊት፥ «ባለፈው የጻፍሁት ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው የተናገረው እርሱ ነው» ብዬ ልጁን ወደ ፊት ጠራሁት። መጣ። ቧንቧውን ተቀብሎ ሳይደፍንና ደፍኖ ነፋው፤ ከእኔም እጅግ አሣምሮ ነፋው። የሳቀ አልነበረም። ከዚያም ቧንቧውን በሁለት እጁ መልሶልኝ፥ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ወደ ኋላ ወንበሩ ተመለሰ።

በፈተናው መልካም ውጤት አገኘ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግን በእኔ ክፍል እጁን አንድም ቀን አላወጣም።