የማይቸኩለው መርሴዲስ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክፈርት ውስጥ ታክሲ የነዳ ሐበሻ መርሴዲስ 250 ዲን ሳያውቅ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀለሙ ከ1971 ጀምሮ ለጀርመን ታክሲዎች የተደነገገው የዝሆን ጥርስ ቀለም ነበር። ሞተሩ የናፍጣ፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ። እኔም ለዓመታት እንጀራዬን የበላሁት በዚህ መኪና ነው። ዛሬ የማነሳው ግን ናፍቆቴን ለመወጣት ብቻ አይደለም። ይህ መኪና በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መጀመሪያ የሠራተኛ መተዳደሪያ፣ ቀጥሎ ከከተማ የሚባረር ጥፋተኛ፣ በመጨረሻም የተከበረ ቅርስ ሲሆን አይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናው ያው ነበር፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው።

መርሴዲስ 250 ዲ የሚገኝበትን የመኪና ትውልድ ያስተዋወቀው በ1984 መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው፣ ከ1976 ጀምሮ የተመረተው ታላቁ፣ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቶ የብዙ አገር ታክሲ ማቆሚያ ሞልቶት ነበር። ናፍጣ ለኩባንያው እንግዳ አልነበረም፤ 260 ዲ የተባለውን የመጀመሪያውን የናፍጣ የቤት መኪና ለሕዝብ ያሳየው በ1936 ነው። የእኛው 250 ዲ አምስት ሲሊንደርና 90 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ ይህ ጉልበት ለትንንሽ የከተማ መኪኖች የሚሰጥ ነው። አራት ተሳፋሪ ከነሻንጣው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ከኋላው የሚመጣው ሁሉ መታገሥ ነበረበት። ተሳፋሪው ቢቸኩልም መኪናው አይቸኩልም።

በበረዶው ወራት ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ማስነሳት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ቁልፉ ግማሽ ይዞርና ቢጫዋ የማሞቂያ መብራት እስክትጠፋ ይጠበቃል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ጨቁኖ ያግለዋል፤ ፖምፓው ናፍጣውን ወደዚያ የጋለ አየር ሲልከው በራሱ ይቀጣጠላል። ብርድ ላይ ግን አየሩ ብቻውን በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ማሞቂያዎቹ ቀድመው መጋል አለባቸው። ከዚያ ሞተሩ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ እየተንጣጣ ይነሳል። ያ ድምፅ ለጎረቤት ጩኸት ነበር፤ ለእኛ ግን የዕለቱ ሥራ መጀመሩን የሚያበስር ነው።

ቁጠባው የሚታየው ማደያ ላይ ነበር። ከከተማ ውጭ በረጋ አነዳድ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 8 ሊትር ናፍጣ ይበቃዋል። የነዳጅ ታንከሩ 70 ሊትር ስለሚይዝ አንድ ጊዜ ከተሞላ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ጀርመን ውስጥ በናፍጣ ላይ ያለው የነዳጅ ቀረጥ በቤንዚን ላይ ካለው ያነሰ ነው፤ በአንጻሩ የናፍጣ መኪና ዓመታዊ ግብር ይበዛል። ስለዚህ ናፍጣ የሚያዋጣው ብዙ ለሚነዳ ሰው ነው፤ ብዙ የሚነዳው ደግሞ ታክሲ ነጂ ነበር። ከዚያ ከተረፈው ሳንቲም አገር ቤት የታናናሾች የትምህርት ቤት ክፍያ ተከፍሏል፣ የእናት መድኃኒት ተገዝቷል፣ የቤት ጣሪያ ታድሷል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮውን ብዙ ሰው ያማው ነበር። ሞተሩን ያደክመዋል፣ ነዳጅ ይጨምራል ይሉት ነበር። ጥቂት እንደሚጨምር እውነት ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የዋለ ሰው ጉልበቱ ማታ ምን እንደሚሆን እሱ ያውቃል። ይህ ካምቢዮ አራት ማርሽ ነበረው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረበትም። የሚሠራው በዘይት ግፊትና በቫኪዩም ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በራሱ ቫኪዩም ስለማይፈጥር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ፖምፓ አለው። ያ ቫኪዩም ለካምቢዮው ነጂው ነዳጅ ምን ያህል እንደረገጠ ይነግረዋል፣ ቁልፉ ሲዞርም ሞተሩን ያጠፋል። አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀች ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ይገጫል፤ አለዚያም ቁልፉ ወጥቶ ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል። ያኔ ኮፈኑ ይከፈትና «ስቶፕ» የተጻፈባት መዘውር በእጅ ትጫናለች። በማግስቱ በጥቂት ማርክ አዲስ ቱቦ ይገጠማል፤ ነገሩ አለቀ። ችግሩ በዓይን ይታይ ነበር፣ መፍትሔውም በእጅ ይያዝ ነበር።

ከሁላችንም ቀድመው ጀርመን የገቡ፣ የራሳቸው ታክሲ የነበራቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። «ልጄ፣ ይሄን መኪና የሚገድለው ንቀት እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም» ይሉኝ ነበር። ንቀት የሚሉት የሞተሩን ዘይት በጊዜው አለመቀየርን፣ የካምቢዮውን ዘይትና ፊልትሮ መርሳትን፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ማስጮኽን ነው። የጋሼን አነጋገር የሚደግፍ ማስረጃ ሽቱትጋርት በሚገኘው የመርሴዲስ ሙዚየም ቆሟል። ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ የተባለ ግሪካዊ ታክሲ ነጂ የ1976 ምርት በሆነ 240 ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ መኪናውን በ2004 ለኩባንያው አስረክቧል። በጀርመን ያረጁ ሌሎች ብዙ መርሴዲሶችም ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ሊባኖስና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተሻግረው ሁለተኛ ዕድሜ ኖረዋል። አዲስ አበባም ብትሆን በሂልተን ደጃፍ ተሰልፈው እንግዳ ይጠብቁ የነበሩትን የመንግሥት አስጎብኚ ድርጅቱን የኤንቲኦን ቢጫ መርሴዲሶች ያየ ሰው፣ መርሴዲስ ታክሲ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። በ2008 የጀርመን ከተሞች የአየር ጥበቃ ክልል ማወጅ ጀመሩ፤ ፍራንክፈርትም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ተከተለች። መኪኖች እንደ ጭሳቸው መጠን ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ምልክት በመስታወታቸው ላይ ይለጥፋሉ። እንደ 250 ዲ ያለ አሮጌ ናፍጣ ግን አንዱንም ስለማያገኝ ወደ ክልሉ እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያን ጊዜ እነዚህ መኪኖች በማን እጅ ነበሩ? ከታክሲ ሥራ ወጥተው በጡረተኛ፣ በፋብሪካ ሠራተኛ፣ አገሩን ገና በለመደ ስደተኛ እጅ ነበሩ። ጋሼም ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ሐኪም የሚመላለሱት በዚያችው መኪናቸው ነበር። እገዳው ሲመጣ ለውጭ አገር ነጋዴ በጥቂት መቶ ዩሮ ሸጧት።

በ2009 ደግሞ የጀርመን መንግሥት ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን መኪናውን አስጨፍልቆ አዲስ ወይም አዲስ ቀመስ መኪና ለሚገዛ ሰው 2,500 ዩሮ ሰጠ። ለዚህ 5 ቢሊዮን ዩሮ ወጥቶ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ተጨፈለቁ። ከመካከላቸው ሞተራቸው ገና ብዙ የሚያገለግል መኪኖችም ነበሩ። አዲስ መኪና የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አላገኘም።

ስለ ጭሱ እውነቱ መነገር አለበት። አሮጌ ናፍጣ ማጣሪያ የለውም፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጥቀርሻ ሳንባ ይጎዳል፣ ከሁሉ በላይ ሕፃናትን። ከተሞቹ አየራቸውን ለማጽዳት መነሳታቸው ትክክል ነበር፤ ልጆቼም የተነፈሱት ያንኑ አየር ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በ2015 ፎልክስቫገን 11 ሚሊዮን በሚሆኑ ዘመናዊ የናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር መኖሩን አመነ። በምርመራ ጊዜ ንጹሕ፣ መንገድ ላይ ቆሻሻ ነበሩ። አሮጌው 250 ዲ ጭሱን ከማንም አልደበቀም፤ በሱ ምክንያት የተቀጣውም ድሃው ነጂ ነው። ንጹሕ ተብለው ምልክቱን የለጠፉት አዳዲሶቹ ግን ለዓመታት በነጻነት ከተማ ውስጥ ሲዘዋወሩ ኖሩ።

ሦስተኛው ዘመን አሁን ያለንበት ነው። በጀርመን ሕግ 30 ዓመት የሞላውና በጥሩ ይዞታ የተጠበቀ መኪና የታሪካዊ መኪና ታርጋ ያገኛል። ይህ ታርጋ ያለው መኪና ያለ ምንም ምልክት የአየር ጥበቃ ክልሉ ውስጥ ይገባል። ግብሩም ይቀንሳል፤ በተራ ታርጋ አንድ 250 ዲ በዓመት ወደ 940 ዩሮ ሲከፍል፣ በታሪካዊ ታርጋ የሚከፍለው 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ነው። ሞተሩ ያው ነው፣ ጭሱም ያው ነው። ጀርመን ውስጥ የመጨረሻዎቹ የዚህ ትውልድ ሴዳኖች በ1995 ስለተሠሩ እነሱም 30 ዓመት ሞልቷቸዋል። የቅርስ ጥበቃ ሐሳቡን አከብራለሁ፤ እነዚህ መኪኖች በዓመት የሚሄዱት ትንሽ መንገድ እንደሆነም አውቃለሁ። ነገር ግን መኪናውን ያለ አገልግሎት ዓመታት ጋራዥ ውስጥ አስቀምጦ 30 ዓመቱን መጠበቅ የሚችለው ማን ነው? ጋሼ አልቻሉም። የሳቸውን የመሰለች መኪና በአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ ተወልውላ፣ በገመድ ታጥራ ሳያት የተሸጠችበት ዋጋ ትዝ አለኝ።

የታክሲው ሥራም ሌላ ሆኗል። ድሮ መንገዱንና ሰፈሩን አጥንተን ፈተና ካላለፍን ፈቃድ አይሰጠንም ነበር፤ ያ ፈተና በ2021 በሕግ ቀርቷል፤ ዛሬ መንገዱን የሚያውቀው ስልክ ነው። መኪኖቹ ጸጥ ያሉና ንጹሕ ናቸው፤ በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል። ሲበላሹ ግን መካኒኩ ኮምፒውተር ያስነብባል፤ የተበላሸችውን ትንሽ ነገር በመጠገን ፈንታ ሙሉው ዕቃ ይቀየራል፤ ዋጋው መኪናው ከሚያወጣው ከበለጠ መኪናው ይጣላል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በተለይ አገር ቤት ላለው አንባቢ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ወስናለች። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ፣ ነዳጃችን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለሆነ ሐሳቡ ምክንያት አለው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና የምትገዙ ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ጠይቃችሁ አታቁሙ። ባትሪው ለስንት ዓመት ዋስትና አለው? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የሰፈራችሁ መካኒክ ሊጠግነው ሥልጠና አግኝቷል? ይህን በጽሑፍ ያዙ። ሕግ የምታወጡትም አሮጌውን መኪና ከመንገድ ስታስወጡ በእሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሰው አብራችሁ ቁጠሩት፤ ለአየሩ የሚከፈለው ዋጋ ከድሃው ኪስ ብቻ መውጣት የለበትም።