ከእማዬ ጋር ያየኋቸው ሦስት ፊልሞች

ሰሞኑን ፊልም በፊልም ሆነናል። እማዬ ለጉልበቷ ሕክምና ከጎጃም መጥታ እኔ ጋር ናት። ውጭው ዝናብ ነው፤ የቱርክ ድራማው ደግሞ ሰልችቷታል («ይሄ ሰውዬ ዛሬም አላገባትም?» ትላለች)። ከሥር ጽሑፍ የሚሮጥበት ፊልም አይሆናትም፣ ዓይኗ አይደርስበትም። ስለዚህ ላፕቶፔን ከቲቪው ጋር አገናኝቼ፣ በአማርኛ የተሠሩ ግን ብዙዎቻችን በስም ብቻ የምናውቃቸውን ሦስት ፊልሞች አየን። አስተያየቴን እንደወረደ ላካፍላችሁ። ታሪኩን ስለምናገር፣ ያላያችሁ ብታዩ በኋላ ተመለሱ።

አንደኛው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወስዷል፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ አንደኛ ወጥቷል። ጀርመን አገር የተማረ አንበርብር የሚባል ሰው አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ መንደር ይመለሳል፤ ታሪኩ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ረጅም ነው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ። ጀርመን ያለውን ክፍል እኔ እየተረጎምኩላት እማዬ እንቅልፍ ወሰዳት። መንደሩ ሲመጣ ግን ነቃች። ወታደሮቹ ገና በደንብ ሳይታዩ፣ እናቶቹ ሲሯሯጡ ብቻ አይታ «አፈሳ ነው!» አለች። ታናሽ ወንድሟ የጤፍ ጎታ ውስጥ ተደብቆ እንደዋለና ከወጣ በኋላ ሲያስነጥስ እንዳመሸ በዚያው ነገረችኝ። እኔ የወደድኩት የአብዮቱን ዘመን ክርክር ነበር። እሷ የወደደችው ግን የአንበርብርን እናት ነው። «ምን ሆንክ ብላ ቶሎ አልጠየቀችውም፤ ደግ አደረገች» አለች።

ሁለተኛው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እሱ ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ትንሽ ልጅ አለ። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል፣ ከነበጉ። አጎትዬው በጉ ለበዓል ይታረድ ይላል። ልጁ ደግሞ ከእርሻው ይልቅ ማጀት ነው የሚቀናው፣ ሳንቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል። በእኔ አስተያየት ተራራው በዛ፤ አንዳንዱ ቦታ የፖስታ ካርድ ይመስላል። የልጁ ዓይን ግን ለብቻው አንድ ፊልም ነው፣ ረድኤት አማረ ይባላል። እማዬ መጀመሪያ ላይ ሳቀች፦ «ለበዓል በግ የማይታረደው የት አገር ነው?» መጨረሻ አካባቢ ግን ዝም ብላ ቆይታ «አባትየው ነው ጥፋተኛ፣ በጉ ምን አደረገ» አለች። ነገሩን ከዚህ ባጠረ ቃል የጻፈ ሃያሲ አላነበብኩም።

ሦስተኛው «ድፍረት» ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ድፍረት (ዘረሠናይ ብርሃነ መሐሪ፣ እ.ኤ.አ. 2014፣ ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘ) እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ የምትባል ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት፣ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነጻ አወጣት። ማኅበሩን ትመራ የነበረችው መዓዛ አሸናፊ ናት፣ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው። በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ የቀረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። አስቡት፣ ትናንት ነው እኮ።

እንደ ፊልም፣ የቢሮውና የፍርድ ቤቱ ክፍል አንዳንዴ ስብሰባ ይመስላል፣ ሰዎቹ ለእኛ ማብራሪያ የሚሰጡ ይመስላሉ። ፈረሰኞቹ መንገድ ላይ የሚመጡበት ቦታ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል።

እዚያ ቦታ ላይ እማዬ ተነሣች። «ቡናው ሊገነፍል ነው» ብላ ወደ ኩሽና ሄደች። ቡና አልተጣደም ነበር። ላጥፋው ስላት «ተይው ይሂድ» አለችኝ፣ ከበሩ ሥር ቆማም ጨረሰችው።

ሲያልቅ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ማን ነው ለልጅቷ የቆመላት?»

ከዚያ ስለ ታላቅ እህቷ፣ ስለ አክስቴ ነገረችኝ። አክስቴና ባሏ እንዴት እንደተጋቡ ቤታችን ውስጥ የሚወራው እንደ ቀልድ ነበር፦ በፈረስ መጣ፣ አፈፍ አድርጎ ወሰዳት፣ ይኸው ስድስት ልጅ። እኛም እየሳቅን ነው ያደግነው። ባሏን እንወደው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና ማር ሳይዝ መጥቶ አያውቅም። እማዬ ያን ቀን አብራት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ እንደነበር ግን ማንም ነግሮን አያውቅም። ስምንት ዓመቷ ነበር። እንስራዋን ጥላ እየጮኸች ቤት ደረሰች። ሽማግሌ መጣ፣ ከብት ተቆጠረ፣ አለቀ። እሷን «ያየሽውን እንዳትናገሪ» አሏት። አልተናገረችም። ከስልሳ ዓመት በላይ።

ድፍረት የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ፤ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። የፊልሙን ስም ስነግራት እማዬ የሰማችው ሁለተኛውን ነው።

አሁን ሰዎች «የአገራችን ፊልም ለፈረንጅ ፌስቲቫል ነው የሚሠራው» ሲሉ እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ እነዚህን ሦስቱን ከእኛ ይልቅ ቬኒስ፣ ሰንዳንስና ካን ነው በጊዜው ያያቸው። ግን ታሪኩ የሆነባቸው ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ ማየት ሌላ ነገር ነው። እኔ ስክሪፕትና ቀረጻ ስመዝን እማዬ ምስክርነት ነው የምትሰጠው። እስኪ እናንተም ከእናቶቻችሁ ጋር እዩዋቸው። ካዩ በኋላ ደግሞ አትቸኩሉ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

የቀረን አንድ ጉዳይ ነው። አክስቴ ለመስቀል ትመጣለች። እኔ ፊልሙን ላሳያት ፈለግሁ። እማዬ ግን «እሷ ሳትጠየቅ አይከፈትም» አለች። ድፍረት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል የእውነተኛዋ ባለታሪክ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሶ ምርቃቱ በትእዛዝ መቆሙን ነግሬያት ነበር፤ እሱን ይዛ ነው መሰለኝ። «ያን ጊዜ ማንም አልጠየቃትም፤ አሁን እኔ እጠይቃታለሁ» አለችኝ።

ይህንን ልለጥፈው ነው ስላትም አሰብ አድርጋ «ስሟን አትጥሪ እንጂ ጻፊው» አለች።

እስከዚያው በአማርኛ የሆነ፣ ሳቅ ያለበት ፊልም ካላችሁ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ። ክረምቱ ገና ነው፣ ጉልበቷም ገና ነው።