ከአውደ ርዕይ የሚመለስ አማካሪ ምን ይዞ ይመጣል?



ሥራችንን የሚያውቁ ዘመዶችና ጎረቤቶች ደጋግመው የሚያነሱብን ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ ዱባይ ድረስ ሄዳችሁ የምታዩት ምንድን ነው? ኮምፒዩተር እንደሆነ እዚህም ሞልቷል» ይሉናል። ኮምፒዩተር የሚያጠኑ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ደግሞ «የእኛም ልጅ እንደ እናንተ አማካሪ እሆናለሁ ይላል፤ ማማከር ራሱን የቻለ ሥራ ነው እንዴ?» እያሉ ያክሉበታል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ቴክኖሎጂ አውደ ርዕይና አማካሪ እዚያ ስላለበት ኃላፊነት ጥቂት ለማለት ወደድን።

እኛ በአዲስ አበባ በአንዲት ትንሽ ቢሮ የምንሠራ ሁለት ባልደረቦች ነን። አንድ ድርጅት ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚጻጻፉበትን፣ ደንበኛ ሲደውል ስልኩን ለሚመለከተው ክፍል የሚያደርሰውን፣ ወይም ለብዙ ሺህ ሰው አጭር መልእክት በአንዴ የሚልከውን ሶፍትዌር ሲፈልግ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ሶፍትዌር አንሠራም፤ አንሸጥምም። የትኛው እንደሚበጀው፣ ስንት እንደሚያስወጣው፣ በውሉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ምን እንደሚል መርምረን እንነግረዋለን። የምንሸጠው ነገር ቢኖር ቃላችንን ብቻ ነው። ቃሉን የሚሸጥ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊጠብቀው የሚገባው አማናውን ነው።

የገበያው ስፋት

ዱባይ ላይ በየዓመቱ የሚካሄደው ጂቴክስ እ.ኤ.አ. በ1981 በዱባይ የዓለም ንግድ ማዕከል ሲጀመር የባሕረ ሰላጤው የኮምፒዩተር አውደ ርዕይ ይባል ነበር። እኛ የተገኘንበት ከኦክቶበር 14 እስከ 18 ቀን 2024 የተካሄደው ግን ሌላ ዓለም ነው። አዘጋጆቹ ከ6,500 በላይ ድርጅቶች መሳተፋቸውን አስታውቀዋል። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ብቻ እየሰጠን በቀን 8 ሰዓት ሳናርፍ ብንዞር፣ ሁሉንም ለማዳረስ ከ135 ቀናት በላይ ያስፈልገን ነበር። የተሰጠን ግን 5 ቀን ነው። ከዚያም ላይ አምስተኛው ቀን ዓርብ ነበር፤ ኢሚሬትስ ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ዓርብን ግማሽ የሥራ ቀን ስላደረገችው የጁሙዓ ሰላትም በጉባኤው መካከል ይገባል።

እንግዲህ ጥያቄ ሳይዝ የሄደ ሰው እዚያ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያስቸግርም። መብራቱ፣ ግዙፉ ስክሪን፣ ሮቦቱ፣ በነፃ የሚታደለው ቦርሳና ካናቴራ እያዞረው አምስቱ ቀን ያልቃል። በሻንጣው ብዙ ወረቀት፣ በስልኩ ብዙ ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል። ለላከው ሰው የሚነግረው ግን የለውም።

ይዘናቸው የሄድናቸው ጥያቄዎች

ያን ጊዜ የላከን በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የጅምላ አከፋፋይ ነበር። ቢሮ የሚውሉትን፣ መጋዘን የሚሠሩትንና ሾፌሮቹን ጨምሮ 100 ያህል ሠራተኞች አሉት። የአውሮፕላን ቲኬታችንንና አበላችንን የከፈለው እሱ ነው። ሁሉንም ሠራተኞች የሚያገናኝ አንድ ሶፍትዌር መግዛት አስቦ፣ «ከመፈረሜ በፊት አይታችሁ ንገሩኝ» አለን። እኛም ከእሱ ጋር ተቀምጠን ሦስት ጥያቄዎች ጻፍን።

የመጀመሪያው የዋጋ ጥያቄ ነው። የዘመኑ የመገናኛ ሶፍትዌር እንደ ጠረጴዛ አንዴ ተገዝቶ የሚያበቃ ሳይሆን እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ፣ በሰው ቁጥር የሚከፈልበት ነው። ለአንድ ሠራተኛ በወር 10 ዶላር ቢሆን ለ100 ሠራተኛ 1,000 ዶላር ይመጣል። በጁላይ 2024 መጨረሻ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በወር 57,000 ብር የነበረው ሒሳብ ከ100,000 ብር አለፈ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ አልተሻሻለም፤ ሠራተኛውም አልጨመረም፤ ኪራዩ ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ። ስለዚህ ፕሮፎርማ የሰጠንን ሻጭ ሁሉ «ለ100 ሰው ሳይሆን በእርግጥ ለሚጠቀሙት ብቻ ብንከፍልስ?» ብለን ጠየቅነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ጥያቄ ነው። ሻጮች ሁሉ «የእኛ ሶፍትዌር ማንኛውንም ቋንቋ ይችላል» ይላሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት ውስጥ በ1999 ስለገባ፣ አማርኛ ስክሪኑ ላይ መታየቱ እውነት ነው። መታየቱ ግን ብቻውን አይበቃም። በላቲን ፊደል አንድ አጭር የስልክ መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ ስንጽፈው ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ይከፈልና እንደ ሁለት ወይም ሦስት መልእክት ይቆጠራል። በወር 10,000 መልእክት ለሚልክ ነጋዴ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ሌላም ፈተና ነበረን። የደንበኞች መዝገብ ውስጥ «ሐሰን» ብለን አስገብተን «ሀሰን» ብለን እንዲፈልግ እናዘዋለን። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ናቸውና ካዩት ካጠገቡት ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብለው መለሱልን። በየመጋዘኑ ስንት ሐሰን፣ ስንት ሙሐመድ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ «መስመር ቢቋረጥስ?» የሚለው ነው። በ2020 አገራችን ውስጥ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ እንደነበረ አንባብያን ታስታውሳላችሁ። ሁሉ ነገሩ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ሶፍትዌር በእንዲህ ያለ ጊዜ የሠራተኛውን ስልክ ቁጥር እንኳ አያሳይም። ይህን ስንጠይቅ ብዙ ሻጮች ፈገግ ብለው «የእኛ አገልግሎት አይቋረጥም» አሉን። የጠየቅናቸው ግን ስለ እነሱ አገልግሎት ሳይሆን ስለ እኛ መስመር ነበር።

ከመድረኩ ውጭ የተገኘ ትምህርት

ከአውደ ርዕይ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ከመድረክ ንግግር ይገኛል ብሎ የሚያስብ አለ። እኛ ያየነው ሌላ ነው። በመድረክ የሚናገረው ሻጩ ነው፤ ገዝቶ የተጠቀመው ሰው የሚገኘው በመተላለፊያው፣ በምሳ ሰልፍና በሰላት ክፍሉ በር ላይ ነው። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ጫማችንን ስናጠልቅ ከካራቺ የመጣ የጥሪ ማዕከል ኃላፊ ጋር ተዋወቅን። እኛ ልናስመርጠው ያሰብነውን ሶፍትዌር እሱ ሦስት ዓመት ተጠቅሞበት ትቶታል። «መግባቱ ቀላል ነው፤ መውጣቱን ጠይቁ» አለን። ውሉ ሲያልቅ የደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ የሰጡት ስምና ቀኑ ተለያይቶ፣ ምንም ሊሠራበት በማይችል ሁኔታ ነበር። ይህ በየትኛውም በራሪ ጽሑፍ ላይ አልተጻፈም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ «ብንተወው መረጃችንን በምን መልክ ትመልሱልናላችሁ?» የሚለው አራተኛ ጥያቄያችን ሆነ።

ሌላዋ አስተማሪያችን በአዳራሹ ካፌ የምትሠራ የወሎ ልጅ ነበረች። አማርኛ ስናወራ ሰምታ ሻዩን ራሷ አመጣችልንና ምን ልናይ እንደመጣን ጠየቀችን። ስንነግራት ሳቅ ብላ እንዲህ አለችን። «ወንድሞቼ፣ እናቴ ማንበብ አትችልም። ጽፌ ብልክላት የሚያነብላት ጎረቤት ነው፤ ጉዳዬ ሰፈሩን ሁሉ ይዞራል። ድምፄን ቀድቼ ስልክላት ግን ራሷ ትሰማዋለች። ስትናፍቀኝ ደግሞ ደግማ ትሰማዋለች።» በዚያ ወቅት በኢሚሬትስ በዋትሳፕ በቀጥታ መደወል ስለማይቻል፣ የእናትና የልጅ ወሬ የሚመላለሰው በተቀዳ ድምፅ ነበር።

እኛም ያን ምሽት ማረፊያችን ገብተን የደንበኛችንን ሾፌሮችና ጫኝ አውራጆች አስታወስን። ከእነሱም መካከል ማንበብ የሚቸግራቸው አሉ። መሪ የያዘ ሾፌርም ቢሆን ረጅም ጽሑፍ ሊያነብ አይገባውም። ለእነሱ የሚበጀው የሚከፈልበት የሶፍትዌር ፈቃድ ሳይሆን፣ በእጃቸው ባለው ስልክ የሚላክ አጭር የድምፅ መልእክት ነበር።

አማካሪና ደላላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሦስተኛው ቀን ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ሻጭ ለብቻችን እራት ጋበዘን። ምግቡ ሳይነሳ ነገሩን አወጣው፤ ደንበኛችን የእነሱን ሶፍትዌር ለ100 ሠራተኛ ከገዛ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ለእኛ እንደሚያስብልን ነገረን። «ይህ የተለመደ ነው፤ ደንበኛችሁ የሚጎዳው ነገር የለም» ብሎም አከለበት።

ደላላነት የተከበረ ሥራ ነው። ደላላ ገዥና ሻጭ እያወቁት ከሁለቱም ይቀበላል፤ ማንንም አላታለለም። አማካሪም ቢሆን ከሻጭ የሚያገኘውን ለደንበኛው አስቀድሞ ነግሮ ደንበኛው ከተስማማ፣ ነገሩ በግልጽ የተደረገ ንግድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአንዱ የአማካሪ ዋጋ፣ ከሌላው የደላላ ዋጋ በድብቅ ሲበላ ነው። ደንበኛው የከፈለን ሁለት ዓይን ልንሆነው ነው፤ ዓይኑ ለሌላ ከተከራየ ግን መንገዱን የሚያሳየው ማን ነው? ለሻጩ አመስግነን አንቀበልም አልነው። አገር ቤት ስንመለስም ግብዣውን ከነመቶኛው ለደንበኛችን በጽሑፍ አቀረብንለት።

ምክራችን አጭር ነበር። ፈቃዱ በጠረጴዛ ለሚሠሩት 30 ሰዎች ብቻ ይገዛ፤ በወር ከ1,000 ዶላር ወደ 300 ዶላር ይወርዳል። ሾፌሮቹና የመጋዘን ሠራተኞቹ በድምፅ መልእክት ይገናኙ። የስልክ ቁጥሮቹ መዝገብ በቢሮው ኮምፒዩተር ላይም ይቀመጥ። ሲወጡ መረጃው በምን መልክ እንደሚመለስ በውሉ ላይ ይጻፍ። ደንበኛችን አራቱንም ተቀበለ። የእኛ የአገልግሎት ክፍያ አልጨመረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ሌሎች ሁለት ነጋዴዎችን ላከልን።

ጭብጨባ ማስረጃ አይደለም

ወጣት እህቶችና ወንድሞች አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንሻለን። በሜይ 2009 ጉግል ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባዘጋጀው ጉባኤ ዌቭ የተባለ የመገናኛ ፕሮግራም አሳየ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ኢ-ሜይልን ይተካል ያሉም ነበሩ። በኦገስት 2010 ኩባንያው ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። በ2003 የተጀመረው ስካይፕም ስንት ቤተሰብ ከባሕር ማዶ ልጁ ጋር ሲያገናኝ ቆይቶ በሜይ 2025 ተዘግቷል። መድረክ ላይ የተጨበጨበለት ሁሉ አይዘልቅም፤ የዘለቀውም ለዘላለም አይኖርም። ስለዚህ አማካሪ ለመሆን የሚፈልግ ወጣት የአዳዲስ ፕሮግራሞችን ስም በመሸምደድ ብቻ አይጠመድ። ውል ማንበብ፣ ሒሳብ መሥራት፣ የራሱን ቋንቋ ጠንቅቆ ማወቅና የተላከበትን ሰው ሥራ ከመጋዘኑ እስከ ሒሳብ ክፍሉ ዞሮ ማየት ይልመድ። ዱባይ መሄድ ባይችል እንኳ በከተማችን የሚዘጋጁ አውደ ርዕዮች አሉ፤ አምስት ጥያቄ ጽፎ ይግባ፤ የተመለሰለትንና ያልተመለሰለትን ለይቶ ይጻፍ።

ወላጆችም ልጃችሁ ከእንዲህ ያለ ስፍራ ሲመለስ ምን ስጦታ እንዳመጣ ሳይሆን ምን እንደጠየቀ ጠይቁት። ቦርሳውና ካናቴራው በዓመቱ ያረጃል። በሰው ገንዘብ ላይ እውነቱን ተናግሯል የተባለ ስም ግን ለእሱም ለቤተሰቡም የሚቀር ሀብት ነው።