ስለ ጥበብ በሐረር መደብ ላይ እናውራ

የዘመናዊ ጥበብ ትርኢትና ሽያጭ በሚካሄድባቸው ትልልቅ ከተሞች፣ ሥዕሉ ከተሰቀለበት አዳራሽ አጠገብ አንድ ሌላ ክፍል ይዘጋጃል። ወንበር ይደረደራል። ሠዓሊው፣ ትርኢቱን ያሰናዳው ሰውና አንድ አወያይ ከፊት ተቀምጠው ያወራሉ፤ በመጨረሻም ታዳሚው እጁን አውጥቶ ይጠይቃል፣ ይሞግታል። ቱሪያ ኤል ግላዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ የመሠረተችው «1-54» የተባለው የአፍሪካ ዘመናዊ ጥበብ ትርኢት ከመነሻው ጀምሮ እንዲህ ያለ የውይይት መርሐ ግብር አለው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ውይይቶች ያሰናዳችው ካሜሩን የተወለደችው ኮዮ ኩዎ ነበረች። የ2026ቱን የቬኒስ ቢዬናሌ የጥበብ ትርኢት እንድትመራ ተመርጣ ሳለ በ2025 ድንገት አረፈች፤ ነፍሷን ይማር። አፍሪካውያን ስለ ሥራቸው ራሳቸው የሚናገሩበት መድረክ እንዲኖር እንደ እሷ የለፋ ሰው ጥቂት ነው።

እዚያ መድረክ አካባቢ የእኛም ሰዎች ስም ይነሳል። አዲስ ፋይን አርት የተባለው የአዲስ አበባ ጋለሪ የሠዓሊዎቻችንን ሥራ እየያዘ ይሄዳል። ከእነዚያ ሥራዎች መካከል የታደሰ መስፍን «የሕይወት ምሰሶዎች» የሚባሉት ተከታታይ ሥዕሎች አሉ፤ ጉሊት ላይ የሚውሉ ሴቶችን የሚያሳዩ ናቸው። ሴቶቹ ሸራው ላይ እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው፣ ሙሉ ክብራቸውን ይዘው ይቆማሉ።

እኔ የምኖረው ከሐረር አጠገብ፣ ድሬ ጠያራ ነው። ከገጠሩ ቀበሌዎች ጫቱን፣ አትክልቱንና ወተቱን ይዘው በግንብ ወደታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ወደ ጁገል በሮች የሚወርዱትን ሴቶች አውቃቸዋለሁ፤ የአንዳንዶቹ ጎረቤት ነኝ። የታደሰ ሴቶች የእነሱ እህቶች ናቸው። ለንደን ላይ ሰው ተሰብስቦ ስለ እነሱ ሲያወራ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ስለ እነሱ የሚወራው ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጀምሮ በእንግሊዝኛ ያልቃል። አንዲቱም ሴት ተቀምጣ «እኔን እንዲህ አድርገህ ለምን ሣልከኝ?» ብላ የምትጠይቅበት ዕድል የለም። እዚህ ሐረር ደግሞ ስለ ሥዕል፣ ስለ ስፌት፣ ስለ ሐውልት ሕዝብ በተቀመጠበት የምንነጋገርበት ቋሚ መድረክ የለንም። ይህ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ሊጎድለው የሚገባ ከተማ አልነበረም።

ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደው እዚሁ ሐረር ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጅየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ተመልሶ አዲስ አበባ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ በ1963ም ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ። የለመድነው ሥዕል አልነበረም። ቅርጽና ቀለም ብቻ የሆኑ፣ ሰውም ቤተ ክርስቲያንም የማይታይባቸው ሸራዎች ነበሩበት። ከተማው ተከፋፈለ። «ይህ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አይደለም» ያለ ነበር፤ «አዲስ ዘመን ነው» ብሎ የተቀበለም ነበር። ገብረ ክርስቶስ ዝም አላለም። ሠዓሊ የፈለገውን የመሣል ነፃነት እንዳለው፣ ኢትዮጵያዊነትም በአንድ ዓይነት አሣሣል እንደማይለካ ተከራከረ። ሲድኒ ሄድ የተባለ አሜሪካዊ ከእሱ ጋር ያደረገው ውይይት በ1960ዎቹ «አፍሪካን አርትስ» በተባለ መጽሔት ላይ ታትሟል፤ ርእሱም በቀጥታ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ጋር የተደረገ ውይይት የሚል ነው። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። በኋላ አገሩን ጥሎ ወጣና በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አጠገብ በስሙ የሚጠራ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አለ።

አሁን ክሩን ተከተሉልኝ። ታደሰ መስፍን የገብረ ክርስቶስ ተማሪ ነበር። ታደሰ ራሱ ለብዙ ዓመታት በዚያው፣ ዛሬ «አለ» በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ካፈራቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢዬናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን በከፈተችበት በ2024 አገሪቱን ብቻውን የወከለው ይኸው ተስፋዬ ሲሆን ትርኢቱን ያሰናዳው ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነበር። ሐረር የተወለደ አንድ ሰው፣ ተማሪው፣ የተማሪው ተማሪ፦ ይኼው ቬኒስ ደረስን። እና ይህን ታሪክ ጁገል ውስጥ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ማን ነገረው? ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እዚህ ኖሮ እንደነበር ልጁ ያውቃል፤ ስሙን የያዘ ትልቅ ቤት፣ ጎብኚም መሪም አለው። ስለ ራምቦ ቅሬታ የለኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ላይ ያነሳቸው ፎቶግራፎችም ዛሬ ለእኛ ሰነድ ናቸው። ግን ገብረ ክርስቶስ በተወለደበት ከተማ ስለ ገብረ ክርስቶስ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ መወያየት ምን ያህል ከባድ ነገር ነው?

ለውይይቱ ወደሚሆነው መቀመጫ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

የሐረሪ ቤት፣ ገይ ጋር፣ ገብቶ የማያውቅ ሰው ካለ ላስገባው። ጫማ ይወልቃል። ፊት ለፊት በተለያየ ከፍታ የተሠሩ፣ በቀይ አፈር የተቀቡ መደቦች አሉ፤ ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ በስፌት ሞልቷል፤ በግድግዳው ውስጥ የተቀረጹ መደርደሪያዎች ላይ መጽሐፍና ዕቃ ይቀመጣል። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. ሐረር በተሸነፈችበት የጨለንቆ ጦርነት ላይ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። እያንዳንዱ መደብ ባለቤት አለው። የአሚሩ ነደባ የሚባለው ለአባወራውና ለተከበረ ሰው ነው፤ እዚያ የተቀመጠ በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ትልቁ አለ፣ ትንሹ አለ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው አለ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተሸሸገው አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ ማንም ሳይነግረው ሁሉም ያውቀዋል። ሆኖም ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ አንዱ የሚናገረውን ሌላው ይሰማል፣ ከታች ያለውም ወደ ላይ ይመልሳል። ለንደን ላይ ወንበር ደርድረው፣ ድምፅ ማጉያ ተክለው ሊፈጥሩት የሚደክሙለትን ነገር የሐረር ግንበኞች ከጭቃና ከድንጋይ ሠርተው አስቀምጠውልናል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በዓሚር ኑር ዘመን ከተሠራው ግንብና ከ82ቱ መስጊዶች ጋር እነዚህን ቤቶችም ቆጥሮ ነው።

በዚህ ሥርዓት ላይ እኔ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀየር እፈልጋለሁ። ስለ ጥበብ በምናወራበት ዕለት፣ በክብሩ ነደባ ላይ ሥራውን በእጁ የሠራው ሰው ይቀመጥ። ባለሥልጣኑ፣ ምሁሩ፣ ነጋዴው ታች ተቀምጠው ይጠይቁ።

ከማንም በፊት እዚያ እንድትቀመጥ የምፈልገው ደግሞ ስፌት ሰፊዋ ናት። የሐረር ስፌት ፎቶው በየጉዞ መጽሐፉ ወጥቷል፣ በየሆቴሉ ተሰቅሏል፤ ስለሰፋችው እናት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ስንደዶውን ማን ያጭዳል? አክርማው ከየት ይመጣል? ይህን ጥለት ከማን ተማርሽ፣ ከአንቺስ ማን ተማረ? ለሠርግ የሚሰፋውንና ለአማት የሚሰጠውን ለገበያ ከሚወጣው የሚለየው ምንድን ነው? የፋብሪካ ቀለም ከመጣ በኋላ ምን ተለወጠ? በጭራሽ የማትሸጪው አለሽ? ዋጋውን ለመስማት ብቻ የሚጠይቅ ጎብኚ እነዚህን አይጠይቅም። ድሮ ልጃገረዶች በቡድን ተሰብስበው ስፌት ሲማሩ ሥራውና ጨዋታው አብረው ይሄዱ ነበር፤ ወግ ከወስፌው ተለይቶ አያውቅም። እነዚህ እናቶች ስለ መስመርና ስለ ቀለም ያላቸው ዕውቀት ከሥዕል መምህር አያንስም። ገብረ ክርስቶስ ሰው የማይታይበት፣ ቅርጽና ቀለም ብቻ የሆነ ሥዕል ሲያሳይ አዲስ አበባ ደነገጠ። የሐረር ግድግዳ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ከእሱ በፊት ሲለብሰው ኖሯል። ይህን ሐሳብ ሠዓሊዎችና ሰፊዎች በአንድ ቤት ተቀምጠው ቢፈትሹት ምን ይወጣው እንደነበር ሳስበው እጓጓለሁ።

ታዳሚ አይጠፋም። የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ አፎቻ አለ። ወንዶቹም ሴቶቹም የየራሳቸው አፎቻ አላቸው፤ ለሠርግም ለሐዘንም ይገናኛሉ፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። በክርስቲያኑም ዘንድ ዕድር አለ። ሰው የመሰብሰብ ችሎታችን የተረጋገጠ ነው፤ የጎደለው ስለዚህ ጉዳይ የመጥራት ልማድ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ልጥቀስ፤ ሳልጠቅስ ባልፍ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለጌጥ ይሆናል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አፈወርቅ ተክሌ የሠራው፣ ራስ መኮንን በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት ሐረር ላይ ቆሞ ነበር። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት በነበረው ሁከት ፈረሰ። ለአንዱ ነዋሪ ራስ መኮንን ከተማዋን ያሠለጠኑ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ለሌላው ከጨለንቆ በኋላ የመጣ ድል አድራጊ ኃይል ምልክት ናቸው። ፈረስ መጋላ ላይ ደግሞ የጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ አለ። ሁለቱም ትዝታ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ በጎረቤታሞች ቤት ይኖራል። ሐውልቱ ሲቆም ቤተ መንግሥት ወሰነ፤ ሲወድቅ ቁጣ ወሰነ። በሁለቱም ጊዜ ሐረር ተቀምጣ አልተነጋገረችበትም። እኔ ማፍረሱ ትክክል አልነበረም ባይ ነኝ፤ አንድ ታላቅ ሠዓሊ የሠራው ሥራ ጠፍቷል። ይህን ሐሳቤን ግን ከእኔ ተቃራኒ ለሚያስብ ጎረቤቴ በአደባባይ ነግሬው፣ የእሱንም ሰምቼ አላውቅም፤ መድረኩ አልነበረም። በውስጥ በውስጥ ብቻ የሚወራ ነገር ይመርዛል። ነገ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ይቁም ወይስ ባዶ ይሁን የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ እንደገና ጥቂት ሰዎች ቢሮ ዘግተው እንዲወስኑት አልፈልግም።

ከውይይት ተነስቶ ወደ ጥበብ መድረስ እንደሚቻል ዓለም አይቷል። ናይጄሪያ የተወለደው ኦክዊ ኤንዌዞር በጀርመኗ ካሰል ከተማ የሚካሄደውን ዶክዩሜንታ የተባለ የጥበብ ትርኢት ለ2002 ሲያሰናዳ ሥዕሉን ከመስቀሉ በፊት ተከታታይ የአደባባይ ውይይቶችን አካሄደ፤ ቪየና፣ ኒው ዴልሂ፣ የካሪቢያኗ ሴንት ሉሲያ፣ ሌጎስ። ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ እውነትና ዕርቅ፣ ስለ ቅይጥ ባህል፣ ስለ አፍሪካ ከተሞች ተወራ። ካሰል ላይ የታየው ትርኢት የእነዚያ ውይይቶች አምስተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ ተብሎ ተቆጠረ። ወደ ሰዎቹ ከተማ ሄዶ ማውራቱን ነው የወደድኩለት።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የጥበብ ገበያ ውይይት የሚያዘጋጀው ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የተወራለት ሥራ ዋጋው ይጨምራል። ይህን እንደ ነውር አላየውም። ታሪኳ የተሰማላት ሰፊ ወሯን የፈጀችበትን ሥራ በርካሽ ለመስጠት አትገደድም። ነውር የሚሆነው ታሪኳን ሌላ ሰው ተናግሮላት ትርፉንም ያ ሰው ሲወስደው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ጾም ሲያበቃ በውጭ የሚኖሩት ልጆቻችንም ይመጣሉ። በሚቀጥለው ሹዋሊድ ሰሞን ጁገል ውስጥ አንድ ገይ ጋር ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይከፈት። ነደባው ላይ አንዲት ሰፊና አንድ ሠዓሊ ይቀመጡ። መኪና ግርግር በተባለው መንገድ የሚሠሩት ልብስ ሰፊዎችም ይጠሩ። በሐረሪኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ ይወራ፤ የሚያስተረጉም ጎረቤት አይጠፋም። የተባለው ሁሉ በድምፅ ይቀዳ። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የመሠረቱት ሙዚየም የእጅ ጽሑፎችን ብቻ ሳይሆን የድሮ የድምፅ ቅጂዎችንም አስቀምጦልናል፤ የዚህም ዓይነቱ ቅጂ እዚያ ቦታ አለው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ፈቃድና ጥሪ ብቻ ቢሰጥ ይበቃል፤ ግብዣና አበል አያስፈልግም።

ቤታችሁን ለአንድ ቀን መክፈት የምትችሉ፣ ሐረር ውስጥ የምትሥሉ ወጣቶች፣ አፎቻና ዕድር የምትመሩ እናቶችና አባቶች፣ እዚሁ ጻፉልኝ። የምትሰፋ እናት የምታውቁ ሁሉ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሷን ጠይቁልኝ፦ በዚያ ቀን ላይኛው መደብ ላይ ተቀምጣ ለመናገር ፈቃደኛ ናት ወይ?